የአያት ስም በሐርቡ

በናይጄሪያው የዮሩባ ሕዝብ ዘንድ የቤተሰብ ስም ዛሬ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳልና፣ በ‹አዴ› የሚጀምር ስም፣ ቃሉ ዘውድ ማለት ስለ ሆነ፣ ከነገሥታት ወገን የመወለድን ዝና ለብዙ ትውልድ ተሸክሞ ይኖራል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐርቡ ግን፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ እንዲህ ያለውን ስም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ የአባት ስም ሁለተኛ፣ የአያት ሦስተኛ ሆኖ ይጻፍና ቅድመ አያት ከመዝገቡ ይሰናበታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ ልማዱን አልተወም፤ እኔም ባለመተዉ ደስ ይለኛል።

የወሎ ስም ደግሞ የራሱ ምሥጢር አለው። በሐርቡ አንድ መምህር ስም ሲጠራ ‹ሰይድ ተሰማ ይመር› ቢል፣ ፊተኛው ከዐረብኛ የመጣ፣ ሁለተኛው ከአማርኛ ግሥ የወጣ፣ ሦስተኛውም ገና ሲሰማ ወሎዬነትን የሚያስታውቅ ሆኖ ሳለ፣ ከተማሪዎቹ አንድስ እንኳ ተገርሞ ዘወር አይልም። ከፍ ባለው ማዕርግም ነገሩ እንዲሁ ነበር፤ የኢማም አሊ ልጅ መሐመድ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክርስትና አንሥተዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ ልጃቸውም በታሪክ ‹ኢያሱ ሚካኤል› ተብሎ ተጻፈ እንጂ፣ መሐመድም ሆነ አሊ የሚለው ስም አልተከተለውም።