የቤተሰብ ፎቶግራፍና ጥቅሙ

ሰው የሚወደውን ፊት ከመረሳት ለማዳን የሚያደርገው ጥረት ጥንታዊ ነው። በጣና ሐይቅ የሚገኘውን የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ፣ በግድግዳው ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ይታያሉ። ነገር ግን በዚያን ዘመን መልኩን ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ የሚችለው ሠዓሊ ለማሠራት ዐቅም ያለው ንጉሥ ወይም መኰንን ነበር፤ የገበሬውና የነጋዴው መልክ ከባለቤቱ ጋር አፈር ይገባ ነበር።

ይህን ልዩነት ያጠበበው ፎቶግራፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ገብተው የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ይህንኑ ሙያ ቀጠሉ። ውሎ አድሮም ፎቶ ቤት በየከተማው ተስፋፋ። ያን ጊዜ ቤተሰብ ወደ ፎቶ ቤት የሚሄደው ልብሱን አጥቦ፣ ጠጕሩን አበጥሮ፣ እንደ ክብረ በዓል ተዘጋጅቶ ነበር። አባትና እናት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆች ከኋላ ይቆማሉ፤ ትንሹ በእናቱ ጕልበት ላይ ይሆናል። ከጀርባውም «ለማስታወሻ» ተብሎ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፋል። ዛሬም በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የምናየው ያው ፎቶግራፍ ነው።

በዘመናችን ግን ስልክ በየእጁ ስለ ገባ፣ ፎቶግራፍ አንሺ መጥራት ለሠርግ ብቻ የሚደረግ ነገር መስሏል። የተወደዳችሁ አንባብያን፣ እስቲ ስልካችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ልጁ ለብቻው፣ ዳቦው ለብቻው፣ የሙሽሮቹ መኪና ለብቻው የተነሣበት በመቶ የሚቈጠር ፎቶ ይገኛል። አያት፣ አባት፣ እናትና ልጆች በአንድነት ያሉበት ግን ስንት ነው? ስልኩን የያዘው ሰው ከሥዕሉ ውጭ ነው፤ ወጡን የምታወጣው እናት ደግሞ ከማድ ቤት ገና አልወጣችም። ስልኩም የጠፋ ወይም የተሰበረ ዕለት፣ በሌላ ስፍራ ያልተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

የዚህ ጉድለት ዋጋ የሚታወቀው በለቅሶ ቀን ነው። እናት ስታርፍ ልጆቿ ለድንኳኑ የሚሆን ፎቶግራፍ ፍለጋ ይራወጣሉ፤ ሲያጡም ከመታወቂያዋ ላይ ያለውን ጉርድ ፎቶ ያሳድጉታል። ዕድሜዋን ሙሉ ቤቱን ስታስቅና ስታጽናና የኖረች ሴት፣ የልጅ ልጆቿ የሚያውቋት ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት በተነሣችው ደረቅ ፊት ይሆናል። ይህ ከድኽነት ይልቅ ከቸልታ የሚመጣ ጉዳት ነው።

ታሪካችንም ይህን የመሰለ ኀዘን ያውቃል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ በኋላ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በጕዞው ላይ ዐረፉ። በዚያው ዓመት ስመ ጥሯ ፎቶግራፍ አንሺ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት ልዑሉን አነሣችው። ሥራዋ በሙያ የተዋጣ ነው፤ ዳሩ ግን ከልጁ ጋር አብሮ የሚታየው አባቱ ወይም እናቱ ሳይሆን ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ ነው። ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ። ፎቶግራፍ የሞተውን አይመልስም፤ ነገር ግን ልጅ የማን ልጅ እንደ ሆነ በዓይኑ እንዲያይ ያደርገዋል።

«ስልክ ካለን ባለሙያ ለምን?» ለሚል ሰው መልሱ በሙያው ውስጥ ይገኛል። የቀትር ፀሐይ ከዓይን በታች ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ባለሙያ ግን የጧት ወይም የማታ ብርሃን፣ አለዚያም የቤት ጥላ ይመርጣል። ሁሉም ነጭ የሀገር ልብስ በለበሰ ጊዜ የካሜራው የብርሃን መለኪያ በነጩ ተታልሎ ፊትን ያጨልማል፤ ባለሙያው ይህን ዐውቆ ያስተካክለዋል። ስልክ በቅርብ ሲያነሣ ዳር የቆመውን ሰው ፊት ይለጥጣል፤ ባለሙያ ራቅ ብሎ በተስማሚ ሌንስ ስለሚያነሣ የሁሉም መልክ እንደ ተፈጥሮው ይወጣል። ከሁሉም በላይ ባለሙያው እንግዳ ሰው በመሆኑ፣ አያትም ጎረምሳም ያለ ክርክር ይታዘዙታል፤ ከቤተሰቡም አንድ ሰው ስንኳ ከሥዕሉ ውጭ አይቀርም።

አንዳንዶች ነገሩ የከንቱ ውዳሴ ነው ይሉ ይሆናል። ለጎረቤት ለመታየት ብቻ ከሆነ እውነት አላቸው፤ የአያትን ፊት ለልጅ ልጅ ማቆየት ግን አደራ መጠበቅ ነው። ስለ ወጪውም ቢሆን፣ ለአንድ ቀን ድግስ የምናወጣውን እናስብ። በየዓመቱ ማድረግ የማይችል በየአምስት ዓመቱ ያድርገው፤ ወንድማማቾችና እኅትማማቾችም ዋጋውን ተካፍለው ወላጆቻቸውን በመካከል አስቀምጠው ሊነሡ ይችላሉ። በውጭ አገር የሚኖር ልጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ፣ ልጁ ለዕረፍት የሚመጣበትን ሳምንት አስቀድሞ ለፎቶግራፍ አንሺው ማስታወቅ ይገባዋል።

ከባለሙያው ጋር ዋጋውን፣ ሰዓቱን፣ የሚታተመውን ብዛትና መጠን፣ ዋናውን ቅጂም ማስረከቡን አስቀድሞ መስማማት መልካም ነው። አንዱ እትም በፍሬም ገብቶ ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ሌላው በዘመድ ቤት ይቀመጥ። ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ የእያንዳንዱ ሰው ስም እንደ አቀማመጡ ቅደም ተከተል ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ከሁለት ትውልድ በኋላ የማይታወቁ ሰዎች ሥዕል ይሆናልና።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በመጪው በዓል ቤተሰቡ ሲሰበሰብ እናት ሽርጧን ፈትታ ነጠላዋን ትልበስ፤ ወጡም ጥቂት ይቈይ። አስቀድማ በመካከል የምትቀመጠው እርሷ ናት።