ቡናማ የለበሰ ሲኒ

«ጋሼ፣ ይሄ ሸክላ አይደል እንዴ?» አለኝ ሽሮ የሚሠራው ወጣት፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበትን ጎድጓዳ ሳህን ከነሽሮው ጋዝ ላይ እየጣደ። «አይደለም» ብዬ ሳልጨርስ ጧ አለ። ስባሪውን አንሥቼ አሳየሁት። ከላይ የገጠር ጣባ የሚመስለው ሳህን ስብራቱ እንደ ወተት ነጭ ነው። ፖርሴሊን ነበር።

እንዲህ ያለው ሳህን ለምግብ ቤት ይመቻል፤ ይደራረባል፣ ሾርባም ሰላጣም ይይዛል፣ ቀይ ፍርፍር ሲቀርብበት ዓይን ይስባል። ማንነቱን ግን ብዙዎች ይስታሉ።

ፖርሴሊን የሚሠራው ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር፣ ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ነው። ካኦሊን ስሙን ያገኘው ቻይና ውስጥ ጂንግደዠን አጠገብ ካለው ጋኦሊንግ ነው። የቡና ሲኒያችንም ዘመዱ ነው፤ «ሲኒ» ማለት በዓረብኛ «የቻይና» ማለት ነው። ሙቀቱ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ፌልድስፓሩ ይቀልጥና በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ ውኃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ቢጠጣም ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም።

«እንዲህ ከጠነከረ እሳትማ ይችላል» የሚሉ አሉ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የሸክላ ድስት የሚተኮሰው ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዲግሪ በታች ስለሆነ ገላው ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ጭቃው ውስጥም አሸዋ ወይም የተወቀጠ ገል ይገባል። እሳት ላይ ስንጥቅ ቢጀምረው እንኳ ቀዳዳው ወይም አሸዋው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ፖርሴሊን ውስጥ ግን የሚያቆመው የለም፤ የጀመረው ስንጥቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። የገበያ ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ሳያውቁ አሸዋ አልጨመሩም።

ለመለየት ሳህኑን ገልብጡት። ከታች መቀመጫው ላይ ቅብ ያልነካው ቀለበት አለ። አንድ ጠብታ ውኃ አድርጉበት፤ ሸክላ ከሆነ ወዲያው ይጠጣዋል፣ ፖርሴሊን ከሆነ ጠብታው እንዳለ ይቀመጣል። እኔ ምግብ ቤት ስገባ ሳህኑን ሳልገለብጥ አልወጣም፤ አስተናጋጆችም ለምደውኛል።

ነጠብጣቡ ቅቡ ውስጥ ያለ ብረት እሳት ሲያገኘው የሚያወጣው መልክ ነው። ከንፈሩ ላይ ደግሞ ቅቡ ይሳሳና ቡናማው ይደምቃል። ከአንድ ምድጃ የወጡ ሁለት ሳህኖች እንኳ አንድ መልክ አይኖራቸውም። ይህን እንከን ነው ብሎ ግማሹን ሊመልስ የተነሣ ባለ ምግብ ቤት አጋጥሞኛል፤ ያማሩት ግን በዚሁ ልዩነታቸው ነው።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ቢላ የሚተወውን ግራጫ መስመር ጭረት ነው ብለው በብረት ሽቦ የሚፈትጉ አሉ። ጭረት አይደለም፤ ቅቡ ከቢላው ስለሚጠነክር ከቢላው የተፋቀ ብረት ነው። ሽቦው የባሰ ብረት ይጨምርበታል። በውኃ የተለወሰ ሶዳና ለስላሳ ጨርቅ አብዛኛውን ያስለቅቀዋል።

በሌላ ቀን ወጥ ቤት ስገባ ያ ሽሮ ሠሪ ወጣት ሽሮውን በሸክላ ድስት ያፈላ ነበር። ሳህኑን በሙቅ ውኃ አሙቆ አደረቀና ከድስቱ ገለበጠበት።