ነፃ የዓይን ሕክምና ለምን ታካሚ ያጣል?

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ የግማሽ ያህሉ መንስኤ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ በዘመቻ ጊዜም በነፃ ይሠራል። ታዲያ ታካሚው ለምን ይቀራል? «ግንዛቤ ስለሌለው» የሚለው መልስ ለእኛ ለባለሙያዎች ይመቸናል፤ ጥፋቱን ከላያችን ያወርድልናላ። እኔ ግን ወጪውን ማስላት እመርጣለሁ። ማየት የተሳናቸው እናት ብቻቸውን አይመጡም። የሚመራቸው ልጅ ከአጨዳ ወይም ከትምህርት ይቀራል፤ የሁለት ሰው ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ምግብና ማደሪያ ያስፈልጋል። ፋሻው የሚፈታው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ስለሆነ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት መመለስም የለም። ነፃ የሆነው ቀዶ ሕክምናው ብቻ ነው።

«ትራንስፖርት ከከፈልን ጥገኛ እናደርጋቸዋለን» የሚሉ አሉ። ታካሚ ያልመጣለት የቀዶ ሕክምና ክፍልም እኮ ወጪ አለው፤ ባለሙያው፣ መድኃኒቱ፣ ጄኔሬተሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ፍርሃት አለ የሚለውን ግን እቀበላለሁ። ፍርሃቱን የሚያስለቅቀው ፖስተር ሳይሆን ተሠርቶለት ያየ ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ የሥራችን ጥራት ራሱ ቅስቀሳ ነው። «ሞራው ይብሰል» እያልን ሰው የምንመልስ ባለሙያዎችም እንቅፋት ነን፤ በዛሬው የቀዶ ሕክምና ዘዴ እስኪበስል መጠበቅ አያስፈልግም።

በትራኮማ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ በወረንጦ የሚነቅሉ ሴቶች ሁኔታም የጉዞው ወጪ እንቅፋት መሆኑን ያሳያል። ለዚህ ችግር የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ መሥራት በመጀመራቸው ብዙዎቹ ሆስፒታል ድረስ መሄድ አላስፈለጋቸውም።