ሌላ ማን ያድራል?

የወጣቶች ልውውጥ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ አበባው፣ ሻንጣው፣ የቡድን ፎቶው። ሥራው ግን የሚጀምረው ከዚያ ከብዙ ወራት በፊት፣ በደቡብ ኦሞዋ ጂንካ ከተማ አንድ ግቢ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ በመጣራት ነው።

የእኔ ድርሻ ቤት ማየት ነው። ከውጭ የሚመጡ ልጆችን የሚቀበሉ ቤተሰቦችን እጎበኛለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ ለልውውጡ ኮሚቴ እመሰክራለሁ። ሥራው የሚካሄደው በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክበቦች በኩል ነው። አባሎቻቸው መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው የለም። የእነዚህ ክበቦች ማኅበር የሆነውን ሮታሪን አገራችን በይበልጥ የምታውቀው በፖሊዮ ዘመቻ ነው። ነዋሪነቱ ሲያትል የሆነው የሮታሪ አባል ዕዝራ ተሾመ ከአሜሪካ በጎ ፈቃደኞችን እየመራ ለክትባት ዘመቻ ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለስ ዓመታት አስቆጥሯል። የወጣቶች ልውውጡ ግን ከፖሊዮው ዘመቻ ይቀድማል፤ የፈረንሳዩ የኒስ ከተማ ሮታሪ ክበብ ልጆችን መላላክ የጀመረው በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። በሮታሪ መዋቅር ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን ጋር ዲስትሪክት 9212 ውስጥ ናት። ረጅሙ ልውውጥ ከ15 እስከ 19 ዓመት ያለ ወጣት አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን በሰው ቤት ልጅ ሆኖ የሚኖርበት ነው፤ አጭሩ ከጥቂት ቀናት እስከ ሦስት ወር ይሆናል።

ቤት ስጎበኝ ቡና ሳይፈላ ጥያቄ አልጀምርም። ቡናው እስኪደርስ ግን ዓይኔ ሥራ ላይ ነው። ልጅቷ የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ ይቆለፋል? ሽንት ቤቱ ሌሊት ስንት እርምጃ ያስኬዳል? አጎበር አለ? ጂንካ ከቆላው ከፍ ያለች ስለሆነች ሰው ይዘናጋል፤ ነገር ግን ልጆቹ ወደ ቱርሚና ወደ ኦሞራቴ ቆላ መውረዳቸው አይቀርም፣ እዚያ ደግሞ ወባ ይበረታል። ከዚያ ከሁሉ የሚከብደውን አነሳለሁ፤ «እዚህ ቤት ሌላ ማን ያድራል?»

ይህ ጥያቄ ጂንካ ውስጥ ክብደቱ የተለየ ነው። ከከተማዋ ቤቶች ብዙዎቹ ከገጠር ለትምህርት የመጣ የዘመድ ልጅ አላቸው። ከአሪ ቀበሌዎች የመጣች የእህት ልጅ አለች፤ ከሐመር ወይም ከማሌ የመጣ፣ አባቱ ከቤቱ ጌታ ጋር የቆየ ወዳጅነት ያለው ተማሪ አለ። ስለዚህ ቤቱ ሙሉ ነው። ሙሉ መሆኑ ያስደስተኛል፤ የሰው ልጅ ማሳደግ የለመደች እናት ለባዕድ ልጅ አትደነግጥም። የዚያኑ ያህል ያሳስበኛል፤ የማላውቀው አንድ ጎረምሳ በዚያው ጣሪያ ሥር ያድራልና።

አንዲት እናት ጥያቄውን ስሰነዝር ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እኔ እንኳን እንግዳ መንገደኛ አሳድራለሁ። ቤቴን ልትፈትሸው ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ማዘን እንጂ።

«እማማ፣ እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም» አልኳቸው። «ልጅቷ እናት አለቻት። እናቷ እርስዎን አታውቅም፤ መጥታም ልታይ አትችልም። እኔ የምጠይቀው በእሷ ፈንታ ነው።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በቤታቸው የሚያድሩትን አንድ በአንድ፣ ከነዕድሜያቸውና ከነመጡበት ቆጠሩልኝ። ለእኔ የእንግዳ አቀባበል ትልቁ መለኪያ ይህ ነው። ፍሪዳ ማረድ ለብዙ ቤት አይከብድም፤ ስለ ራስ ቤት ለመጠየቅ ፈቃደኛ መሆን ግን ይከብዳል። የከበደው ሰው ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ልጅ ግን ቤቱ አላስገባም።

ከልውውጡ ሕጎች ሁለቱን በየስብሰባው ደጋግሜ እናገራለሁ። አንደኛው፣ ልጁን የሚከታተለው የክበቡ አማካሪ ከአስተናጋጁ ቤተሰብ መሆን አይችልም የሚለው ነው። ልጅ በሚያድርበት ቤት ላይ ቅሬታ ቢኖረው ለቤቱ ሰው አይናገርም፤ የሚሄድበት ሌላ በር ያስፈልገዋል። ሁለተኛው፣ ልጅ ላይ ጥቃት ደረሰ የሚል አቤቱታ ከተሰማ ለፖሊስ ከማመልከት ጋር በ72 ሰዓት ውስጥ ለሮታሪ ዓለም አቀፍ ጽሕፈት ቤት መነገር አለበት ይላል። እዚህ ላይ ከባህላችን ጋር ፊት ለፊት እንገናኛለን። «ነገሩ ሳይሰፋ በሽምግልና እንያዘው» የሚል ደግ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ሽምግልና ለግጦሽ፣ ለድንበር፣ ለደም እንኳን ስንት ጊዜ አገር ያዳነ ጥበብ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። የተጎዳ ልጅ ግን ለአዋቂዎች ሰላም ሲባል ዝም እንዲል መደረግ የለበትም። በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ አበቃ።

ሌላው፣ አስተናጋጅ ቤተሰብ አይከፈለውም። ይህ ሕግ በሌላ አገር ተራ ይመስል ይሆናል፤ ደቡብ ኦሞ ላይ ግን የሁሉም ነገር መሠረት ነው። እዚህ እንግዳና ባለቤት በመካከላቸው ብር ገብቶ ከተገናኙ ቆይተዋል። የቱሪስቶች መኪና ወደ ማጎ ይወርዳል፣ ሙርሲ መንደር ይቆማል፣ በፎቶ ሒሳብ ይከፈላል፣ መኪናው ይመለሳል። ፎቶ የተነሳችውን ሴት ስሟን የጠየቃት የለም፤ እሷም የመጣውን ሰው ስም አታውቅም። ሴትዮዋን አልወቅስም፤ ፊቷን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ቢከፍላት ተገቢ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን የሰውን ልጅ በዚህ መንገድ እንዲተዋወቅ አልፈልግም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ካሜራም ስልክም ለፎቶ አይወጣም። ልጁ ውኃ ይቀዳል፣ ከቤቱ እናት ጋር ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ዘንቢል ይሸከማል፣ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ሲሄድ ሰላም የሚለው ሰው ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ፎቶ የሚያውቀው ሰው ፎቶ ነው።

አንዳንድ ሰው «የውጭ ልጅ በዚህ አገር ቤት እንዴት ልጅ ሊሆን ይችላል?» ይለኛል። እዚሁ ደቡብ ኦሞ የሆነ ነው። የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪዎቹ ባልና ሚስት፣ ጀርመናዊው ኢቮ ሽትሬከርና እንግሊዛዊቷ ጂን ሊዳል፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ሐመር ገብተው ዳምባይቲ በምትባል መንደር ባልዳምቤ በሚባል የሐመር ሰው ዘንድ አረፉ። ልጆቻቸው የልጅነታቸውን ከፊል ያሳለፉት እዚያው ነው። ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሐመር ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ሲያሳትሙ ሁለተኛውን ቅጽ ለባልዳምቤ ቃል ሰጡት፤ ስለ ሕዝቡ የሚናገረው እሱ ራሱ ነው። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ልጃቸው ካይራ ከእናቷ ጋር ሆና ዱካ ስለምትባል የሐመር ሴት ትዳር ፊልም ሠራች። ፊልሙ ባልዋ ሁለተኛ ሚስት ያገባባትን ሴት ጭንቀት በራሷ አንደበት ያሰማል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ለመንገደኛ አይነገርም፤ የቤት ልጅ ሆኖ ለኖረ እንጂ። ኢቮ እ.ኤ.አ. በ1993 ለመመሥረቱ ዋና ሰው የሆነበት የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ዛሬም ጂንካ ከኮረብታው ላይ አለ። ልጆቹን በመጀመሪያው ሳምንት የምወስዳቸው ወደዚያ ነው።

ሐመሮች ራሳቸው ልውውጥን የሚያውቁት ከእኛ ክበቦች አይደለም። አንድ ሐመር በአርቦሬ ወይም በዳሰነች ዘንድ «ቤል» የሚለው ወዳጅ ይኖረዋል። ፍየልና ማር፣ እህልና ከብት ይለዋወጣሉ፤ ድርቅ ሲመጣ አንዱ ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል፤ ወዳጅነቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ጊዜም አለ። ግጭት በተነሣ ጊዜ እንኳን ሁለት ቤቶች መካከል የሚያልፍ ሰው አይጠፋም። የእኛን ደንብ ለሐመር አባት ሳስረዳ ይህን ካነሳሁለት ማብራሪያ አልጨርስም፤ እሱ ይጨርስልኛል። የቤል ወዳጅነት ግን ሁለቱም ወገን የሚሄድበትና የሚመጣበት ነው። የእኛ ፕሮግራም ገና እዚያ አልደረሰም።

ከውጭ ወደ ጂንካ ልጅ ማምጣት ይቻላል። ከጂንካ ልጅ መላክ ነው አቀበቱ። ፓስፖርት አለ፣ የባንክ ሒሳብ ማስረጃ አለ፣ የአውሮፕላን ትኬትና መድን አለ፤ እነዚህን በልውውጡ ሕግ የሚሸፍነው የልጁ ቤተሰብ ነው። ለቪዛ አሻራ ለመስጠት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ «ተመልሰህ ትመጣለህ ብለን አላመንንም» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። የክበቦቹ አባሎች ትኬት ሊያዋጡ ይችላሉ፤ ቪዛ ግን በመዋጮ አይገኝም።

በዚህ ምክንያት ዓይኔን ወደ አገር ውስጥ መልሻለሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ ሲደረግ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት ኖረው ተመልሰዋል። የዛሬ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከጂንካ ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳርም ወደ ጂንካ በሰው ቤት ልጅ ሆኖ አንድ ወር ቢኖር ቪዛ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የታየ ቤት፣ ከቤቱ ውጭ የሆነ አማካሪ፣ የሚደወልበት ስልክ ነው። እነዚያን ደግሞ መሥራት ተምረናል።

የስልኩ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም በጂንካ መገኘቱ በይፋ ሲነገር፣ የብዙ አገር ወላጅ የከተማችንን ስም የሰማው በዚያ ዜና ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ለወላጅ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሚናገረውም ጤና ቢሮ ያረጋገጠውን ብቻ ይሁን፤ ጉዞ ይቁም። ኮሚቴ ውስጥ የጤና ባለሙያ የግድ ይኑር የምለውም ለዚህ ነው።

ለቀጣዩ ዙር ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ አጭር ነው። ከውጭ ቡድን ከመቀበላችን በፊት በዚያው ዓመት የሚሄዱት የጂንካ ልጆች ስም ዝርዝር ይቅረብ፤ ውጭ አገር ካልተቻለ ባሕር ዳር፣ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ይሁን። ዝርዝሩ ከሌለ ቡድኑን አንቀበልም። አንዳንድ አባላት ጠንከር አለብን ብለዋል። እኔ ግን የባሕር ዳር ቤቶችን የሚጎበኝ ሰው መፈለግ ጀምሬያለሁ።