መሳለም እና ኢስቲላም

በእስልምና ለተቀደሰ ነገር በአካል የሚገለጸው አክብሮት በመቅረብ ብቻ ሳይሆን በጥንቃቄ በመራቅም ይታወቃል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በወላይታ ዞን ከነዋሪው 71 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 21 በመቶ ያህሉ ደግሞ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በመሆኑ፣ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነው የዞኑ ዋና ከተማ የሶዶ ሙስሊም የቤተ ክርስቲያንን ደጃፍና መስቀልን ከሚሳለም ጎረቤትና ከመጽሐፉ ቃል በቀር ለቁስ ክብር ከማይሰጥ ሌላ ጎረቤት ጋር አብሮ ይኖራል።

የሙስሊሙ ሥርዓት ግን ከሁለቱም ይለያል። ሙስሐፍ፣ ማለትም በመጽሐፍ መልክ የተጠረዘው ቁርኣን፣ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ እግርም ወደ እርሱ አይዘረጋም። ከሶላት በፊት የሚደረገውን የመታጠብ ሥርዓት ማለትም ውዱእን ያልፈጸመ ሰው ሙስሐፍን እንዳይነካ አራቱ የሕግ መንገዶች (መዝሀቦች) ይከለክላሉ። መነሻቸው «አል-ዋቂዓ» በተባለው ምዕራፍ 79ኛው አንቀጽ ሲሆን፣ እዚያ የተነገረላቸው ንጹሓን መላእክት ናቸው ወይስ ሰዎች በሚለው ላይ ሊቃውንት ተከራክረዋል። ክልከላው የሚጸናው በዐረብኛው ቃል ላይ ነው፤ በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ ማብራሪያው ከቁርኣኑ ቃል የሚበዛበትን መጽሐፍ ያለ ውዱእ መንካት ይፈቅዳል። በ1961 ዓ.ም. ለታተመው የአማርኛ ትርጉምም ይህ መለኪያ አግባብ አለው።

ሙስሊም እንዲስመው በነቢዩ ሙሐመድ ተግባር የተደነገገው ድንጋይ በመካ የከዕባ ማዕዘን የተተከለው ጥቁር ድንጋይ፣ ሐጀረል አስወድ፣ ነው። ድንጋዩን መዳሰስ ኢስቲላም ይባላል፤ የዐረብኛ ሊቃውንት ቃሉን አንዳንዶቹ «ሰላም» ከሚለው፣ ሌሎቹ ድንጋይ ከሚል ቃል ያወጡታል፤ የመጀመሪያው አመጣጥ ከተያዘ ከአማርኛው «መሳለም» ጋር ዘመድ ይሆናል። ይሁንና ሁለተኛው ኻሊፋ ዑመር ድንጋዩ እንደማይጎዳና እንደማይጠቅም፣ ነቢዩ ሲስሙት ባያዩ ኖሮ እርሳቸውም እንደማይስሙት መናገራቸው ተዘግቧል። ሕዝብ ተጨናንቆ መድረስ ያልቻለ ሐጃጅ ከሩቅ በእጁ ጠቁሞ ያልፋል። በ930 እ.ኤ.አ. ቀርማጢያን የተባሉት ወገኖች ድንጋዩን ዘርፈው ለ20 ዓመታት ያህል ባቆዩበት ዘመን ድንጋዩ በስፍራው ሳይኖር ሐጅ መደረጉ፣ ሥርዓቱ በድንጋዩ ላይ እንዳልቆመ ያሳያል።

ከዚህ ሥርዓት በተቃራኒ ሊታይ የሚችለው በባሌ የሚገኘው፣ የሼኽ ሁሴን መቃብር ያለበት ድሬ ሼኽ ሁሴን ሲሆን፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ሰፍሯል። ባላ ያለው ዘንግ ይዘው የሚመጡ ዘያሪዎች፣ ማለትም ጎብኚ ምእመናን፣ የመቃብሩን ደጃፍ ይስማሉ፤ ከስፍራው አፈር ወስደው ለበረከት ይቀባሉ። ይህ ተበሩክ፣ ማለትም በረከት መሻት፣ ይባላል። የሻፊዒው ሊቅ ኢማም ነወዊ የነቢዩን መቃብር ግድግዳ እንኳን መዳሰስንና መሳምን ያልወደዱ ሲሆኑ፣ ዛሬም ነገሩን ወደ ሺርክ፣ ማለትም ለአምላክ አጋር ወደ ማድረግ፣ የሚያስጠጉት አሉ። ዘያሪዎቹ ግን የሚለምኑት ፈጣሪን እንደሆነ ያስረዳሉ፤ ክርክሩም ከሊቃውንት መጻሕፍት አልፎ በየቤተሰቡ ሳይኖር አይቀርም።

ያረጀ ሙስሐፍ የሚሸኝበት መንገድ ደግሞ ብዙ ክርክር አያስነሣም፤ ገጾቹ ከጥራጊ ጋር ስለማይጣሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው እግር በማይረግጠው ስፍራ ይቀበራሉ፣ ወይም ሦስተኛው ኻሊፋ ዑስማን በልዩ ልዩ መልክ ተጽፈው የነበሩትን ቅጂዎች እንዲቃጠሉ ያዘዙበትን አብነት በመከተል ይቃጠላሉ።