«ኛ» እንዴት የቋንቋ ስም ሆነች?

«ፈረሰኛ» ሲባል ሰው፣ «ሁለተኛ» ሲባል ተራ፣ «ኦሮምኛ» ሲባል ቋንቋ ይታሰበናል። ሦስቱንም የምታደርገው ያቺው «ኛ» ናት። ጆሮ ግን ይለያቸዋል፤ በ«ፈረሰኛ»ና በ«ሁለተኛ» ከ«ኛ» በፊት ያለው ፊደል በመጀመሪያው ድምፅ ይነበባል፣ በ«አማርኛ»ና በ«ኦሮምኛ» ግን በሳድስ። ይህን ለልጅ የሚያስተምር የለም፤ ልጁ ግን አይሳሳትም። («እንግሊዘኛ» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች መኖራቸውን ሳልዘነጋ ነው።) ሰውየውን ደግሞ ከግዕዝ በወረስነው «ዊ» እንጠራዋለን፤ ጣሊያናዊው ጣሊያንኛ ይናገራል።

ቅጥያ ትርጉም ይዞ አይወለድም፣ ከባልንጀራው ይወርሳል። በእስራኤል ቋንቋ «ላሾን»፣ ማለትም ምላስ፣ በሴት ጾታ ስለሚነገር ቅጽሉም በሴቴው «ኢት» ይጨርሳል። «ላሾን» እየተተወ ቅጽሉ ብቻውን ሲቀር «ኢት» ራሷ ቋንቋ ማለት ሆነች፤ ኢቭሪት (ዕብራይስጥ)፣ ዐራቪት (ዐረብኛ)፣ ጻርፋቲት (ፈረንሳይኛ)። አማርኛም እዚያ «አምሃሪት» ነው።

እኔን የሚያስቀኝ የኛው «ዕብራይስጥ» ነው። ጭራው የመጣው ከግሪክ ሲሆን እዚያ ስም አልነበረም፤ «ሄብራይስቲ» ማለት «በዕብራውያን ቋንቋ» ማለት ነው። ስለዚህ «በዕብራይስጥ ተጻፈ» ባልን ቁጥር ሁለት ጊዜ «በ» እያልን ነው። በዮሐንስ ወንጌል፣ ምዕራፍ 19፣ ከመስቀሉ በላይ ስለተጻፈው ጽሕፈት ሲነገር የምናገኘው «ሮማይስጥ»ም የዚሁ ዘመድ ነው።

ቅጥያ የማያሻቸውም አሉ። አፋን ኦሮሞ፣ አፍ ሶማሊ፣ ሲዳሙ አፎ ሁሉም «አፍ»ን ይዘዋል። የሐረሮቹ «ጌይ ሲናን» ደግሞ የከተማ ቋንቋ ማለት ነው። አማርኛ ሁሉንም በአንዲት «ኛ» ጠቅልሎ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛ ይላቸዋል። ለአንደበት ይቀላል፤ ባለቤቱ ያወጣለትን ስም ማወቅ ግን ለጠሪው ክብር ነው እላለሁ።

ቅጥያዋ ከቋንቋ አልፋ ሕዝብም ሆናለች። በኤርትራ ከዘጠኙ ብሔረሰቦች አንዱ በይፋ የሚጠራው «ትግርኛ» ተብሎ ነው፤ የቋንቋው ስም የተናጋሪውም ሆነ ማለት ነው።

ፊደሉን ያወረሰን ግዕዝ ግን ያለ «ኛ» ቀርቷል። «ግዕዝኛ» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።