አዲስ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር አልነሳ ካለ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ያላችሁ ገጣጣሚዎች፦ ዕቃው ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ገመዱን እዩ።

1. ባለ 24 ፒኑ የማዘርቦርድ ገመድ ተሰክቶ የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ከተረሳ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። የግራፊክስ ካርዱም ባለ 8 ፒን ገመድ ይመስለዋል፤ የ12 ቮልቱ አቀማመጥ ግን ተገላቢጦሽ ነው። አልገባም ካለ በግድ አትግፉ።

2. ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ከሆነ የሌላ ሞዴል ገመድ አትዋሱለት። በፓወር ሰፕላዩ በኩል የፒኑ አደራደር ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ሃርድ ዲስክ ሊያቃጥል ይችላል።

3. የሞኒተሩን ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አትሰኩ።

ተነሳ ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ራሙን በሜምቴስት86 አራት ዙር ፈትሹ፤ አንድ ስህተት እንኳ አይታለፍም። ኤክስኤምፒ ካበራችሁ ድገሙት። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን በፕራይም95፣ ግራፊክስ ካርዱን በፈርማርክ አስጨንቁና ሙቀቱን ተከታተሉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ 20 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ዲግሪ አትጠብቁ፤ የኬዙን ፋኖች አታሳንሱ።

በፈተናው መሃል ድንገት ከጠፋ፣ የቤቱ መብራት ወርዶ እንደሆነስ? አቅሙ በሚበቃ ዩፒኤስ ድገሙት። ባዮስ ስታዘምኑማ ያለ ዩፒኤስ ጨርሶ አትጀምሩ።